"ሚስቱ ትመታዋለች ስንል ሽማግሌዎቹ ሳቁ" ብላ ለጠየቀችው እህት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ፦ ጠያቂዋ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። ወንድሟን ሚስቱ ትመታዋለች፣ ሲያመሽ በር ትዘጋበታለች፣ የኤቲኤም ካርዱም እሷ ጋር ነው። ቤተሰብ ሽማግሌ ሰብስቦ ጉዳዩን ሲናገር ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ አንደኛው ደግሞ "እስቲ አንተም ወንድ ሁን" አሉት። በዛው ሰሞን የልጅነት ጓደኛዋ ባሏ ደብድቧት ፖሊስ ጣቢያ ብትሄድ "ምን አድርገሽው ነው?" ተባለች፣ ሰፈሩም እሷ ራሷ አፈኛ ናት አለ፣ ባልየው ክንዱ ላይ የንክሻ ምልክት ፊቱም ላይ ጭረት ስለነበረበት። የምትጠይቀው ሁለቱ እኩል ናቸው ወይ፣ ለወንድስ ህግ አለው ወይ፣ ሽማግሌዎቹ እሁድ ተመልሰው ሲመጡ ምን እንበል ነው።

እህቴ፣ ሁለቱንም ስላመንሻቸው ደስ ብሎኛል፣ አብዛኛው ሰው አንዱን አምኖ ሌላውን ይተወዋል። እኔ የቤተሰብ አማካሪ ነኝ፣ ባልና ሚስትን አብረውም ለየብቻም ሳዋራ ነው የኖርኩት፣ ህጉን ደሞ ከሰዎቹ ጋር ጣቢያና ፍርድ ቤት እየተመላለስኩ ነው ያወቅኩት፣ ክስ ላይ ስትደርሱ ጠበቃ ያስፈልጋችኋል።

ህጉ አጭር ስለሆነ ከሱ ልጀምር። የ1996ቱ የወንጀል ህግ አንቀፅ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ሳይጋቡ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈፀም የሀይል ድርጊትን ይቀጣል፣ ቅጣቱም ስለ አካል ጉዳት ከሚያወሩት ከ555 እስከ 560 ካሉት አንቀፆች ነው የሚወሰደው። አካል ላይ ይሁን አእምሮ ላይ የደረሰ ጉዳት ይላል። የትዳር ጓደኛ ነው የሚለው፣ ባልና ሚስት ብሎ አልለየም፣ ስለዚ ወንድምሽ ሚስቴ መታችኝ ብሎ ጣቢያ ቢሄድ ህጉ ከጎኑ ነው። የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው፣ ቀላል የአካል ጉዳት የሚያስቀጣው ተጎጂው ራሱ አቤቱታ ሲያቀርብ ነው፣ ስለዚ ዘመድ ተሰብስቦ "በቃ ተወው፣ ክሱን አንሳ" ይላል፣ ስንቱ ጉዳይ እዛው ላይ ቀርቷል። እኛ ጋ ደሞ ለብቻው የወጣ የቤት ውስጥ ጥቃት ህግ የለም፣ ሌላ አገር እንዳለው ፍርድ ቤት በዛው ቀን "ወደዚህ ቤት እንዳትደርስ" ብሎ የሚያግድበት ትእዛዝ የለንም፣ ስለዚ ሰው ከከሰሰ በኋላም ከከሰሰው ሰው ጋር አንድ ጣራ ስር ያድራል።

ህጉ ራሱ ደሞ ስለ ወንድና ሴት በልቡ የያዘው ነገር አለ። አስገድዶ መድፈርን የሚደነግገውን አንቀፅ 620 ብታዪው ተጎጂዋ ሴት ናት፣ ያውም "ከጋብቻ ውጭ" የሚል ቃል አለበት፣ ስለዚ ባል ሚስቱን አስገድዶ ቢተኛት በዛ አንቀፅ አይጠየቅም። ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 አመት ነው። ቀጥሎ ያለው 621 ላይ ሴት ወንድን ብታስገድድ ቅጣቱ ከ5 አመት አይበልጥም። ሚስት በባሏ አትደፈርም፣ ወንድ ቢደፈርም ያን ያህል አይጎዳም እንደማለት ነው፣ ሁለቱ አንቀፆች ደሞ ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት። ወደ ኋላ ከሄድሽ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ነው፣ ሚስትም ህጋዊ በሆነው ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል ይል ነበር፣ ግንኙነቶቿን እንዲከታተል ስለ አካሄዷም እንዲመራት ፈቅዶለት ነበር። ይሄ የተሻረው በ1992 በወጣው የቤተሰብ ህግ ነው፣ ትናንት ማለት ነው። እሁድ ቤታችሁ ከሚመጡት ሽማግሌዎች ምናልባት አብዛኞቹ የተዳሩት፣ ልጅ ያሳደጉት በዛ ህግ ዘመን ነው፣ እና አሁን ልክ አይደለህም የሚላቸው ሰው ቁጭ ብሎ አውርቷቸው አያውቅም።

ወደ ሳቁ ልምጣ። ሁላችንም የተደበደበ ሰው ሲባል ፊታችን የሚመጣ መልክ አለ፣ ሴት ናት፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታለቅሳለች፣ መልሳ ቃል አልተናገረችም። ደብዳቢውም መልክ አለው፣ ጠጥቶ የሚገባ፣ የሚጮህ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ረባሽ። ይሄን መልክ ያልያዘ ሰው ሲመጣ አንቀበለውም። ወንድምሽ ወንድ ስለሆነ መልኩን አልያዘም፣ ጓደኛሽ ደሞ ሴት ሆና ግን ስለተናገረች፣ ስለጮኸች፣ ስለነከሰች አልያዘችም። የጓደኛሽ ባል ምናልባት እድር ላይ የሚመረጥ፣ ሰው ሲሞት ቀድሞ ድንኳን የሚተክል ትሁት ሰው ከሆነ ደሞ ማን ያምናታል።

ለኔ የሽማግሌዎቹ ሳቅና የፖሊሱ "ምን አድርገሽው ነው" ከአንድ ቦታ ነው የሚወጡት። ወንድ ማለት ቤቱን በእጁ የሚያስተካክል ነው ብሎ የሚያምን ሰው፣ የተመታ ወንድ ሲያይ ስራውን ያልሰራ ሰው ነው የሚታየው፣ የተመታች ሴት ሲያይ ደሞ ስራውን የሰራ ባል ነው የሚታየው፣ ስለዚ ጥፋቷን ፍለጋ ይሄዳል። ለዛ ነው ለወንድምሽ "አንተም ወንድ ሁን" ያሉት ሽማግሌ አነጋገር በጣም የሚያሳስበኝ፣ ተጎጂ ሆኖ መጥቶ ደብዳቢ ሁን ተብሎ ነው የተመለሰው።

ይሄ አመለካከት የወንዶች ብቻ ይመስልሻል? በ2008 (በፈረንጅ 2016) በተሰራው አገር አቀፍ የስነ ህዝብና የጤና ጥናት ላይ ባል ሚስቱን ቢመታ ልክ ነው ወይ ተብሎ በአምስት ምክንያት ሰው ተጠይቋል፣ ምግብ ካሳረረች፣ ከተከራከረችው፣ ሳትነግረው ከወጣች፣ ልጆቹን ችላ ካለች፣ አብሬህ አልተኛም ካለች። ቢያንስ ባንዱ ምክንያት የተስማሙት ወንዶች 28 በመቶ ናቸው። ሴቶቹ 63 በመቶ። በፈረንጅ 2000 ላይ ሴቶቹ 85 በመቶ ነበሩ፣ ወርዷል፣ ግን ገና ነው። አንዳንድ ሰው ይሄን ቁጥር አንስቶ "ራሳቸው ይፈልጉታል እኮ" ይላል፣ ይሄ በጣም ያናድደኛል። አንዲት ልጅ እናቷ ስትመታ እያየች፣ ጎረቤት "ምን ብታደርገው ነው" ሲል እየሰማች ካደገች ዱላ ሁሌ ምክንያት አለው ብላ ነው የምታድገው፣ እንደዛ ብላ ማመንም ይቀላታል፣ ምክንያት ካለው ተጠንቅቄ አመልጠዋለሁ ትላለቻ፣ ምክንያት የለውም ብሎ ከመኖር ይሻላል። በኋላ እሷ ራሷ እናት ስትሆን፣ አማት ስትሆን "ቻይው ለልጆችሽ ስትይ" የምትለው እሷ ናት፣ ክፉ ሆና አይደለም፣ የኖረችበትን ነው የምታወርሰው። በዛው ጥናት ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶው ለማንም አልተናገሩም፣ እርዳታም አልፈለጉም። ጓደኛሽ ጣቢያ ድረስ መሄዷ ራሱ ብዙ ሴት ያላደረገችው ነገር ነው፣ ይሄን ንገሪያት።

ስለ ጥቃት የተጠየቁት ግን ሴቶች ብቻ ናቸው፣ ወንዶቹን ሚስትህ መታችህ ወይ ብሎ የጠየቃቸው የለም። ስለዚ የወንድምሽ አይነት ሰው እዛ ጥናት ላይ አልተቆጠረም።

እኩል ናቸው ወይ ላልሽው፣ የሁለቱም ህመም ህመም ነው፣ ለሁለቱም እኩል መድረስ አለብን። በክብደት ግን እኩል ናቸው ብዬ አልዋሽሽም። የአለም ጤና ድርጅት ቡታጅራ አካባቢ ባስጠናው ጥናት በህይወታቸው ከባል ወይም ከፍቅር ጓደኛ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች 71 በመቶ ነበሩ፣ በ2005 በፈረንጅ የወጣ ነው። የተባበሩት መንግስታት የወንጀል መስሪያ ቤት ደሞ በአለም ላይ በ2022 ሆን ተብሎ ከተገደሉ ሴቶች 55 በመቶ ያህሉን የገደላቸው የትዳር ጓደኛ ወይም ቤተሰብ ነው ይላል፣ ከተገደሉት ወንዶች ግን 12 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው በቤተሰብ የተገደሉት። ሴት የምትገደለው በአብዛኛው በቤቷ ሰው እጅ ነው። ይሄን የምልሽ ወንድምሽን ለማሳነስ አይደለም፣ የወንዶችን መመታት እያነሱ የሴቶቹን ለመሸፈን የሚጠቀሙ ሰዎች ስላሉ፣ ያንቺ ወንድም ታሪክ ለዛ እንዳይውል ነው።

ታዲያ እኛ እንዴት ነው የምንለየው? ማይክል ጆንሰን የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1995 ያቀረበው ሀሳብ አለ፣ ቤት ውስጥ የሚታየው ዱላ ሁሉ አንድ አይነት አይደለም የሚል። አንዳንዱ ጠብ ነው፣ ተጣልተው ተናደው አንዱ ይወረውራል አንዱ ይገፈትራል፣ ጥፋት ነው፣ አደጋም አለው፣ ግን ጠቡ ሲያልፍ አንዱ አንዱን ፈርቶ አይኖርም። ሌላኛው ግን ህይወትን ሙሉ በሙሉ መያዝ ነው፣ ገንዘብህ በኔ እጅ፣ ስልክህ በኔ እጅ፣ እህትህ ቤት እንዳትሄድ፣ የት ነህ፣ ከማን ጋር ነህ፣ ዱላው አልፎ አልፎ ቢሆን እንኳን ፍርሃቱ በየቀኑ ነው። እንግሊዞች በ2015 ይሄን ቁጥጥር ለብቻው ወንጀል አድርገውታል፣ በ2018 ደሞ አንዲት ወጣት ሴት የፍቅር ጓደኛዋን ምግብ እየከለከለች፣ የፈላ ውሃ እየደፋችበት ስላሰቃየችው ሰባት አመት ተኩል ተፈርዶባታል። ስለዚ እኔ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምፈልገው ማን መታ የሚለውን አይደለም፣ ማን ማንን ይፈራል የሚለውን ነው።

ሁለት ሰዎች ልንገርሽ፣ እንዳይታወቁ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። አንዱ ሰውዬ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብሎ ነው የመጣው። ሙቀት ነው፣ እሱ ግን እጅጌው እስከ መዳፉ ነው። ውሃ ሊቀበለኝ እጁን ሲዘረጋ ክንዱ ላይ የተላጠ ቃጠሎ አየሁ። ጀበና ተደፋብኝ አለኝ፣ ቃጠሎው ግን ከክርኑ ይጀምርና ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ምንም አላልኩም፣ ስለ እንቅልፉ ጠየቅኩት። መሃል ላይ ስልኩ ሲጠራ ደንግጦ ተነሳ፣ ይቅርታ ብሎኝ ጠረጴዛዬን ፎቶ አንስቶ ላከ፣ "የት እንዳለሁ ካላሳየኋት ማታ አትከፍትልኝም" አለኝ፣ ሲናገረው እንደ ተራ ነገር ነው። ሲወጣ የጠየቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፣ "ይሄ ለማንም አይነገርም አይደል?"

ሌላዋ ሴት ናት፣ ከባሏ ጋር መጣች። እሷ ትጮሃለች፣ ትሳደባለች፣ እሱ ዝግ ብሎ "ትንሽ ተናዳ ነው ይቅርታ" ይላል፣ ክንዱ ላይ የጥርስ ምልክት አሳየኝ፣ በደንብ የገባ ንክሻ ነው። አብሬያቸው አስር ደቂቃ ብቻ ብቀመጥ ኖሮ እሱን ነበር የማዝንለት። ለብቻዋ ሳስቀራት ግን ድምፅዋ ሻካራ ሆኖ ሰማሁት፣ ጩኸት ያመጣው መስሎኝ ነበር፣ ምራቋን ስትውጥም ፊቷ ይቀየራል። እንዴት ክንዱን ነከስሽው አልኳት። "አንቆኝ ነበራ፣ አፌ የሚደርሰው እሱ ጋ ብቻ ነበር" አለችኝ።

እና የጓደኛሽን ባል ክንድና ፊት ስትነግሪኝ ወዲያው የመጣብኝ ይሄ ነው። ታንቃ እንደሆነ ጠይቂያት፣ በቀጥታ፣ "አንገትሽን ይዞሽ ያውቃል?" ብለሽ። ብዙ ሴት ካልተጠየቀች አትናገረውም፣ እንደ ዱላም አትቆጥረውም። ማነቅ አንገት ላይ ምልክት ላይተው ይችላል፣ ድምፅ መሻከር፣ ለመዋጥ መቸገር፣ አይን ውስጥ ቀያይ ነጠብጣብ፣ ራስን መሳት፣ ሽንት ማምለጥ ናቸው ምልክቶቹ። በአሜሪካ የተሰሩ ጥናቶች ባሏ አንድ ጊዜ ያነቃት ሴት በኋላ በሱ የመገደል እድሏ በብዙ እጥፍ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ስለዚ ከሆነ ደህና ነኝ ብትልም ሀኪም ጋ ትሂድ፣ የአንገት የደም ስር ጉዳት ከቀናት በኋላም ሊመጣ ይችላል፣ ለሀኪሙም "ተመታሁ" ብቻ ብላ አትለፍ፣ ታነቅኩ ትበል፣ ካርዷ ላይ እንደዛው ይፃፍ። የነከሰችውም መቼና እንዴት እንደሆነ ለፖሊስ ቃሏን ስትሰጥ በቅደም ተከተል ትናገር፣ ካልተናገረች ንክሻው ብቻ ነው መዝገቡ ላይ የሚገባው። ልውጣ ካለችም ውጪ ብላችሁ አታጣድፏት፣ በጣም አደገኛው ሰአት ልትለየው መሆኑን ሲያውቅ ነው፣ መጀመሪያ የጋብቻ ወረቀቷ፣ የልጆቹ ልደት ሰርተፊኬት፣ መታወቂያዋና ትንሽ ብር አንቺ ጋር ይቀመጥ፣ የምትሄድበትንም ሰው እንዳያውቀው። መጠለያ ካስፈለጋት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማህበር አለ፣ ለህግ ምክር ደሞ የኢትዮጵያ ሴቶች የህግ ባለሙያዎች ማህበር በነፃ ይረዳል። የዛን ቀን ከባድ ከሆነ 991 ይደወል።

ወንድምሽ ጋ ስመለስ አንድ ነገር በቅንነት ልበልሽ፣ አንቺ እህቱ ነሽ። አላምንሽም እያልኩ አይደለም፣ ግን የሚደበድቡ ወንዶችም አንዳንዴ ተጎጂ ነኝ ብለው ነው የሚመጡት፣ የጓደኛሽ ባል ክንዱን እንዳሳየው። ስለዚ ያንኑ ጥያቄ ለሚስቱም ጠይቂ፣ እሷ እሱን ትፈራዋለች ወይ? እሱ ሲገባ ልጆቹ ዝም ይላሉ ወይስ እሷ ስትገባ? ያልሽው ሁሉ፣ በር መዝጋቱ፣ ካርዱን መያዙ፣ ተጎጂው እሱ መሆኑን ነው የሚያመለክተው፣ ግን አረጋግጪ።

እሱን ስታወሪው "እንዴት ወንድ ሆነህ" የሚል ቃል ካፍሽ እንዳይወጣ፣ "ለምን ትፈቅድላታለህ"ም ያው ነው። ቤት ስትገባ ምን ይሰማሃል በይው፣ ሌላውን ራሱ ያመጣዋል። እጁን እንዳያነሳ ንገሪው፣ ሲመጣበት ከቤት ወጥቶ አንቺ ጋ ይምጣ፣ ቁልፍ ስጪው። አንድ ጊዜ ቢመልስላት ጉልበቱ ከሷ ይበልጣልና ሊጎዳት ይችላል፣ ከዛ በኋላም ማንም የሚሰማው አይኖርም። የምትልክለትን ሜሴጅ አያጥፋ፣ ስክሪንሾት አድርጎ ላንቺ ይላክ፣ ቁስል ሲኖር ፎቶ ይነሳ። ጣቢያ ሲሄድ የሚልኩት "የሴቶችና ህፃናት" የሚል በር ጋ ሊሆን ይችላል፣ እዛ ጋ ነው ብዙ ወንድ የሚመለሰው፣ ይግባ። ከጣቢያው ለሀኪም ቤት ደብዳቤ ያፅፍ፣ ያለዛ የህክምና ማስረጃ ለማግኘት ይቸገራል። ደሞዙን በተመለከተ ደሞ የቤተሰብ ህጉ እያንዳንዱ ተጋቢ ገቢውን ራሱ እንደሚቀበል ነው የሚለው፣ ገንዘቡ የጋራ ቢሆንም ካርዱን መንጠቅ መብቷ አይደለም። ባንክ ሄዶ ካርዱን ማዘጋትና አዲስ ማውጣት ይችላል፣ ግን ይሄን ካደረገ የዛን ቀን እቤት አይደር። ፍቺ ከፈለገም ብቻውን ማመልከት ይችላል፣ ፍርድ ቤቱ ለሽማግሌ ሊመራቸው ይችላል፣ እስከዛው ግን ስለ ልጆቹና ስለ ንብረቱ፣ ማን ከቤት ይውጣ ስለሚለውም ትእዛዝ መስጠት ይችላል።

እሁድን እንዲህ አድርጉት። "ወንድ ሁን" ያሉትን ሰውዬ አትጥሯቸው፣ ራሳችሁ መንገሩ ከከበዳችሁ ዘመድ የሆነ ሌላ ሰው አስቀድሞ ስልክ ይደውልላቸው፣ ይሄ ነውር አይደለም። ቢቻል አንዲት የምትከበር ሴት ትጨመር። ልጆቹ የዛን ቀን አንቺ ጋ ይዋሉ። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ለየብቻ ያናግሩ፣ ፊት ለፊት አስቀምጠው ከጠየቁ የሚፈራው ሰው እውነቱን አይናገርም። "ማን ጀመረ" ብለው ከገቡ እስከ ማታ አይወጡበትም፣ ይልቅ ባለፈው ወር ምን ምን ሆነ፣ ካርዱ ማን ጋ ነው፣ በር ሲዘጋበት እሱ የት አደረ ብለው ይጠይቁ፣ ይሄን አንቺ ቀድመሽ በወረቀት ፅፈሽ ስጫቸው። መጨረሻ ላይ ይቅር ተባባሉና ተሳሳሙ ሊሉ ነው፣ በግድ እንዳያስደርጉት ቀድመሽ ተነጋገሪ፣ ካርዱ ሳይመለስና ሳይመታ የሚያድርበት ነገር ሳይረጋገጥ እርቅ የሚባል ነገር እንደማይኖር ይወቁ። ይሄን አንሰማም ካሉ ሰኞ ጠዋት ማስረጃውን ይዞ ጣቢያ ይሂድ፣ ብቻውን ግን አይሂድ፣ አንቺም አብረሽው ግቢ።